የዜማ ማዘዣ ሣጥን በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

ሰው የዕለት ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የሚተርፈውን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፍ መመልከት የቤተ ሰቡን ጠባይ ለማወቅ የሚረዳ ነገር ነው። አባቶቻችን ከአደባባይ ሲመለሱ አንዳንዱ ሰንጠረዥ ወይም ገበጣ ይጫወት፣ አንዳንዱ ዳዊቱን ይደግም፣ አንዳንዱም በገና ይደረድር ነበር። እቴጌ ጣይቱም በገና ደርዳሪ እንደ ነበሩ እስከ ዛሬ ይነገራል። በዘመናችን ግን በብዙ ቤት ሲመሽ ሁሉም ወደየስልኩ ያቀረቅራል፤ አባት ወሬ ያነባል፤ ልጅ ሥዕል ይመለከታል፤ እናትም የምታጫውተው ሰው አጥታ ትቀመጣለች። ነገር ግን ከዚሁ ልማድ መካከል አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ብቅ ሲል ስላየን፣ በዚህ ሳምንት ዐምዳችን ስለ እርሱ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየን። ይኸውም አንዳንድ ወጣቶች በኤሌክትሪክ የሚሰማውን ሙዚቃ የሚያዝዙበትን ትንሽ ሣጥን ከገበያ ከመግዛት ይልቅ በገዛ እጃቸው መሥራታቸው ነው።

አባቶችና እናቶችም ይህን ሲያዩ፣ «ነገሩ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት? ገንዘብና ጊዜስ ይገባዋልን? የአገራችንንስ ዜማ ያጠፋል ወይስ ይጠብቃል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ፣ በተቻለን መጠን ከሥር ጀምረን እንገልጠዋለን። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ሣጥኑ ምን እንደ ሆነ

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ይህ ሣጥን ራሱ ድምፅ የማይሰጥ መሆኑ ነው። ክራር ቢመቱት ይጮኻል፤ ከበሮ ቢደልቁት ያስተጋባል፤ ይህ ግን ቁልፉን ቢጫኑት ዝም ይላል። ሥራው ማዘዝ ብቻ ነው። ድምፁን የሚያወጣው ትእዛዙን የተቀበለው ሌላ መሣሪያ ሲሆን፣ እርሱም ኮምፒዩተር፣ ወይም ስልክ፣ ወይም ሲንተሳይዘር የሚባለው በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሞያዎቹ ኮንትሮለር ይሉታል፤ እኛም የዜማ ማዘዣ ብለነዋል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በድጓው ላይ ከፊደሉ ራስጌ የተጻፈው ምልክት ራሱ ዜማ አይደለምና። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች በብራና ላይ ሳሉ ዝም ያሉ ናቸው፤ መሪጌታው ሲያያቸው ግን ድምፁን ዝቅ ወይም ከፍ፣ ያዝ ወይም ቆረጥ ያደርጋል። ይህን ሥርዐት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። እንግዲህ ድምፅን በምልክት ማዘዝ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ዛሬ የዓለም የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚግባቡበት የምልክት ቋንቋ ሚዲ ይባላል። ይህም ቋንቋ በ1983 ሲወጣ፣ አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ የልዩ ልዩ ፋብሪካ መሣሪያዎች በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ ከሁሉ ይልቅ የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ስለ ድካማቸውም በ2013 ግራሚ የተባለው ሽልማት በሥነ ጥበብ መሣሪያ ረገድ ተሰጥቷቸዋል።

አንድ የሚዲ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ከሚወጣ መጥሪያ ጋራ ይመሳሰላል። መጥሪያ ሦስት ነገር ካልተጻፈበት ዋጋ የለውም፤ ምን እንዲደረግና ለማን እንደ ተላከ፣ ስለ የትኛው ጉዳይ እንደ ሆነ፣ እንዴትም እንደሚፈጸም መታወቅ አለበት። የሚዲም ትእዛዝ እንዲሁ ሦስት ቍጥር ነው። ለምሳሌ 144፣ 69፣ 100 ተብሎ ቢላክ፣ 144 ማለት «በአንደኛው መንገድ ያለህ ተቀባይ ድምፅ ጀምር» ማለት ነው፤ 69 ማለት በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው ድምፅ ነው፤ 100 ማለት ደግሞ ቁልፉ የተመታበት ኀይል ነው። ድምፅና ኀይል ሁለቱም ከ0 እስከ 127 ባለው ቍጥር ይለካሉ። ድምፁ እንዲቆም ሲፈለግ በ144 ፈንታ 128 ይላካል። መንገዶቹ 16 ናቸው፤ በሽቦው ውስጥ በሴኮንድ 31,250 ቢት ስለሚያልፍ፣ ባለ ሦስት ቍጥሩ ትእዛዝ ለመድረስ የሴኮንድ አንድ ሺኛ ያህል ጊዜ ብቻ ይፈጅበታል። መልእክተኛው ፈጣን ነው ማለት ነው።

ይህን መንገድ ቀድመው የሄዱ ሰዎች

የኤሌክትሪክ ሙዚቃ የሩቅ አገር ነገር ብቻ ይመስላል፤ ታሪኩን ለሚመረምር ግን የእኛ ደጅ ቅርብ ነው። በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ ወጣት ድምፅ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ በካይሮ ወደሚደረግ የዛር ሥርዐት ሄደ። በዚያም የሴቶቹን ዜማ ቀድቶ፣ ከዚያ በኋላ በሬድዮ ጣቢያ ባለው መሣሪያ ድምፁን እየለዋወጠና ማሚቶ እየሰጠ አዲስ ሥራ አደረገው። በፓሪስ ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ በመሥራት ስሙ የተጠራው በ1948 ስለ ሆነ፣ ግብፃዊው አራት ዓመት ቀድሞታል። ዛር ደግሞ ጎንደር የምታውቀው ነገር ነው፤ ከአገራችን ወደ ግብፅ ተሻግሯል ብለው የሚገምቱም ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ይኸው ሰው በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱንና እምቢልታውን በአንድ መድረክ የሚያሰማውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በ2017 እስኪሞት ድረስ አዲሱ መሣሪያና ጥንታዊው ዜማ ጠላቶች እንዳልሆኑ በሥራው አሳይቷል።

ለቤተ ሰብ ገጽ የሚስማማው ሌላው ታሪክ የአሜሪካዊው የሮበርት ሞግ ነው። ይህ ሰው በ1949 ገና ልጅ ሳለ፣ ቴሬሚን የሚባለውን እጅ ሳይነካው የሚጮህ መሣሪያ ከመጽሔት ባገኘው ሥዕል እያየ በቤቱ ሠራ። አባቱ መሐንዲስ ነበርና በምድር ቤቱ ባለው የሥራ ቦታ አብሮት ይሠራ ነበር። በ1954 አባትና ልጅ ተባብረው ትንሽ ድርጅት አቆሙ። ሞግ በ1964 የሠራው ሲንተሳይዘር በኋላ ስሙን በዓለም አስጠራው። የታላቁ ሥራ መጀመሪያ አንድ አባት ለልጁ የፈቀደለት ጠረጴዛ ነበር ማለት ነው።

ከእኛም ወገን የዋልያስ ባንድ መሪ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋራ ወደ አሜሪካ ተጕዞ በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ተቀምጦ፣ አኮርዲዮኑን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሞግ ሲንተሳይዘርና ከያማሃ መሣሪያ ጋራ አዋሕዶ የአገሩን ዜማ ቀዳ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ሲኖር፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ኋላ የሚያስቀምጠውን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የ1985ቱ ሥራው በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ተሰማ፤ እርሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። ሙላቱ አስታጥቄም በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም ከቆየ በኋላ፣ ኤም አይ ቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ክራርን ለዘመኑ እንዲስማማ አድርጎ ስለ ማሻሻል ከዚያ ካሉ ባለሞያዎች ጋራ ሠርቷል። እንግዲህ ክራርንና ኤሌክትሪክን የማስማማት ሐሳብ የልጆች ቅዠት ሳይሆን የታላላቆች ሥራ ነው።

ስለ ምን በእጅ መሥራት አስፈለገ?

«ከፋብሪካ የተሠራ ኪቦርድ በገበያ ሳለ ድካሙ ለምንድን ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። የጽሑፋችን ዋና ነገር በዚህ መልስ ላይ ነው።

ከፋብሪካ የሚመጣው ኪቦርድ አንዱን ድምፅና እጥፉን ለ12 እኩል ደረጃ ከፍሎ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱም ደረጃ 100 ሴንት ይባላል። ይህ ክፍያ ለአውሮፓ ሙዚቃ ተስማሚ ነው። የእኛ ክራር ግን የሚቃኘው በጆሮ ነው። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ አዝማሪው አውታሩን የሚያጠብቀውና የሚያላላው ልቡ «ደረሰ» እስኪለው ድረስ ነው እንጂ መቶ መቶ ሴንት እየቈጠረ አይደለም። ይልቁንም አንቺሆዬ በፒያኖ ሲመታ፣ የሚያውቅ ጆሮ የጐደለ ወይም የተረፈ ነገር ያገኝበታል። በፋብሪካው ቁልፍ ላይ ግን «ትንሽ ዝቅ» የሚባል ቦታ የለም፤ ወይ ይኸኛው ነው፣ ወይ ያኛው ነው።

ልጆቻችን ከልጅነታቸው ጀምረው የሚሰሙት በዚህ ኪቦርድ የተሠራ ዘፈን ብቻ ከሆነ፣ ጆሯቸው በእርሱ ይቃኛል። ከዚያ በኋላ የአያቶቻቸው ክራር «ቅኝቱ ተበላሸ» ይሏቸዋል። እንግዲህ ቅኝት የሚጠፋው በዐዋጅ ወይም በጦርነት አይደለም፤ ማንም ሳይከለክለው፣ ቁልፍ ስለ ታጣለት ብቻ ይጠፋል። ሣጥኑን በእጁ የሚሠራ ሰው ግን ቁልፉን እንደ ጆሮው ያደርገዋል። የሥራው ዋጋ በዚህ ነው።

አሠራሩ

ከዚህ በታች የምንገልጠው በስድስት አውታር ክራር አምሳል የሚሠራ ማዘዣ ነው። ለእያንዳንዱ አውታር አንድ የሚጫን ቁልፍና አንድ የሚዞር መቃኛ ይኖረዋል፤ በጠቅላላው ስድስት ቁልፍና ስድስት መቃኛ ማለት ነው።

የሣጥኑ ልብ አርዱዪኖ የሚባለው ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ በ2005 ኢቭሬያ በምትባል የኢጣልያ ከተማ፣ ኤሌክትሪክ ላልተማሩ ተማሪዎች እንዲመች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ስሙ ከ1002 እስከ 1014 የኢጣልያ ንጉሥ ከተባለው ከአርዱዪን ይወርዳል፤ ንጉሡ ስሙን በከተማዋ ላለ መጠጥ ቤት አወረሰ፣ መጠጥ ቤቱም እዚያ ይሰበሰቡ ለነበሩት ሠራተኞች ሰሌዳ አወረሰ። የአሠራሩን ሥዕል ባለቤቶቹ ለሁሉ ስለ ገለጡት ማንም ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል፤ ስለዚህ ርካሽ ዓይነቱም ይገኛል። ከዓይነቶቹ መካከል ሊዮናርዶ የሚባለውን መምረጥ ይሻላል፤ ይህኛው በዩ ኤስ ቢ ሽቦ ከኮምፒዩተር ወይም ከስልክ ጋራ ሲገናኝ ራሱን የሚዲ መሣሪያ አድርጎ ሊያስታውቅ ይችላልና። የአንድሮይድ ስልኮች ከ2015ቱ ስድስተኛ እትም ጀምሮ ሚዲን ስለሚቀበሉ፣ ኮምፒዩተር በሌለበት ቤት ስልኩ ይበቃል። ለሣጥኑ የሚያስፈልገው 5 ቮልት ከስልኩ ስለሚገኝ፣ እንደ እብናት ባለ ከተማ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው አይቋረጥም።

መቃኛው በአሮጌ ሬድዮ ላይ ድምፅ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት የሚዞረው ዕቃ ነው። የሬድዮ ጠጋኝ ባለበት ከተማ ሁሉ ይገኛል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሬድዮ ድምፅ መጨመሪያ ብዙ ጊዜ እኩል እየጨመረ የሚሄድ ሳይሆን መጀመሪያ ቀስ ብሎ ኋላ የሚፈጥን ነው። ለመቃኛ የሚፈለገው በእኩል የሚሄደው ስለ ሆነ፣ 10 ኪሎ ኦም የሆነውንና ከእስያ ፋብሪካ ሲመጣ ቢ የሚል የላቲን ፊደል የተጻፈበትን መፈለግ ይገባል፤ ኤ የተጻፈበት ያልተስተካከለው ነው።

መቃኛው ሦስት እግር አለው። ሁለቱ የዳር እግሮች አንዱ ከ5 ቮልቱ፣ ሁለተኛው ከዜሮው ጋራ ይያያዛሉ፤ የመካከለኛው እግር ሰሌዳው ኀይልን ከሚለካባቸው ስድስት ቀዳዳዎች ወደ አንዱ ይገባል። ሰሌዳውም መቃኛው ያለበትን ቦታ ከ0 እስከ 1023 ባለው ቍጥር ያነባል። የሚጫነው ቁልፍ ደግሞ አንዱ እግሩ ከሰሌዳው ቍጥር ካላቸው ቀዳዳዎች በአንዱ፣ ሁለተኛው ከዜሮው ጋራ ይያያዛል። ቁልፍ ሲጫን በውስጡ ያለው ብረት ለጥቂት ሺኛ ሴኮንድ ስለሚነጥር፣ አንድ ጊዜ የተጫነው ብዙ ጊዜ የተጫነ ይመስላል፤ ስለዚህ ሰሌዳው የመጀመሪያውን ንክኪ ከተቀበለ በኋላ እስከ 10 ሺኛ ሴኮንድ ያለውን እንዳይሰማ በፕሮግራሙ መጻፍ ያስፈልጋል። ምስክር አንዱን ነገር ደጋግሞ ቢናገር ጸሐፊ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጽፈው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅኝቱ እንመለስ። ስድስቱ አውታሮች በትዝታ ሲሆኑ ከዝቅተኛው ጀምሮ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69፣ 72 ይባሉ። በአንቺሆዬ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ በፒያኖ እንደሚጻፈው 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69፣ 72 ይሆናሉ። ነገር ግን እነዚህ ቍጥሮች የፋብሪካው ደረጃ ናቸው። ከደረጃ ወደ ደረጃ መካከል ለመግባት ሚዲ ማጕበጫ የሚሆን ሌላ ትእዛዝ አለው፤ እርሱም ከ0 እስከ 16,383 የሚቈጠር ሲሆን፣ 8,192 ሲሆን ድምፁ በቦታው ይቆማል። እንደ ተለመደው ማጕበጫው ወደ ላይ 200፣ ወደ ታችም 200 ሴንት የሚያደርስ ከሆነ፣ አንድ ሴንት ወደ 41 ቍጥር ያህል ይመጣል።

ስለዚህ የመቃኛው ንባብ በዚህ ስሌት ይለወጣል፤ ከንባቡ 512 ይቀነሳል፣ የቀረው በ4 ይባዛል፣ ውጤቱም በ8,192 ላይ ይደመራል። በዚህ ዓይነት መቃኛው ከዳር እስከ ዳር ሲዞር አውታሩን 50 ሴንት ያህል ዝቅ፣ 50 ሴንት ያህል ከፍ ያደርጋል። 1,024 ደረጃ ለ100 ሴንት ሲከፈል፣ አንዱ ደረጃ የሴንት ዐሥረኛ ያህል ስለሚሆን፣ ከማናቸውም ጆሮ ይልቅ የረቀቀ ነው።

በዚህ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ማጕበጫው በአንድ መንገድ የሚያልፈውን ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ያጐብጣል። ስድስቱ አውታሮች በአንድ መንገድ ቢላኩ፣ ሦስተኛውን ዝቅ ስናደርግ ስድስቱም ዝቅ ይላሉ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ አውታር የራሱን መንገድ መስጠት ነው፤ መንገዶቹ 16 ናቸውና ለስድስት አውታር ይበቃሉ፤ ለዐሥር አውታሩ በገናም ቢሆን ይተርፋሉ። ድምፁን የሚያወጣው የስልኩ ፕሮግራምም ብዙ መንገድ የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ሣጥኑን ከዋንዛ ሳንቃ ቢሠሩት ያምራል፤ ከበሮም ማሲንቆም የሚሠራበት እንጨት ነው። ድምፁንም ከባሕር ማዶ ከመዋስ ይልቅ የእውነተኛ ክራር አውታሮችን አንድ በአንድ በስልክ ቀድቶ ማስገባት ይቻላል። ሥራውን ግን ሁሉን በአንድ ሌሊት ለመጨረስ መጣደፍ አይገባም። በመጀመሪያው ሳምንት በሰሌዳው ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ማብራትና ማጥፋት፣ በሁለተኛው አንዱን ቁልፍ ማንበብ፣ በሦስተኛው አንድ መቃኛ መጨመር፣ ከዚያ በኋላ ስድስቱን ማሟላት ይሻላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሣጥኑ ምን እንደሚጠቅም ያየነው አንድ ነገር አለ። የወንድሜ ልጅ እንዲህ ያለውን ማዘዣ ጨርሶ በአንቺሆዬ ቃኝቶ ሲሞክር፣ ለሌላ ጉዳይ ወደ ቤታችን መጥተው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ቁጭ ብለው ሰሙ። ጥቂት ቆይተውም፣ «አንተ ልጅ፣ ሦስተኛዋ ትጮኻለች፤ አላላት» አሉት። ልጁም፣ «እርስዎ ያላሏት፣ አባባ፤ ይቺን ቀስ አድርገው ያዙሯት» ብሎ መቃኛዋን ሰጣቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው እያዞሩ «እዚህ ላይ» ባሉ ጊዜ ንባቡ 358 ሆነ። ሲሰላ ከፒያኖው ደረጃ 15 ሴንት ያህል ዝቅ ያለ ነው። ልጁ ቍጥሩን በደብተሩ ጻፈው። በማግሥቱ መቃኛው ቢነካካ እንኳ የሽማግሌው ጆሮ የፈረደው በጽሑፍ ቆይቷል። ሌላ አዝማሪ ሌላ ቍጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ያም ይጻፋል። ፋብሪካው ግን ከሁለቱ አንዱንም አልጠየቀም።

ወላጆች ሊጠነቀቁበት የሚገባ

5 ቮልት ሰውን አይጎዳም። በግድግዳ ያለው 220 ቮልት ግን ይገድላል። ስለዚህ ልጅ ዕቃ ፍለጋ ከመብራት ጋራ የተያያዘ ሬድዮ ወይም ቴሌቪዥን እንዲከፍት ከቶ አይፈቀድለት፤ ቴሌቪዥንማ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ኀይል ሊያጠራቅም ስለሚችል ለጠጋኙ ሊተው ይገባል። ሽቦን በቀለጠ ብረት የሚያጣብቁ ሲሆን፣ የቆርቆሮና የእርሳሱ ቅልቅል በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የማቅለጫው ብረት ግን ከ300 ዲግሪ በላይ ይግላል። መስኮት ተከፍቶ፣ ጭሱ ከፊት ርቆ፣ ዓይን በመነጽር ተጋርዶ ይሠራ። ሕፃናት አይጠጉ፤ እርሳስ መርዝ ነውና ከሥራው በኋላ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ አይገባም። ጀማሪ ለሆነ ልጅ ሽቦ በቀዳዳ ብቻ የሚሰካበት ሰሌዳ ስላለ፣ ያለ እሳት መጀመር ይችላል።

ሴቶች ልጆችም ከዚህ ሥራ አይከልከሉ። ጥልፍ የምትጠልፍና ስፌት የምትሰፋ እጅ ቀጭን ሽቦ ለማያያዝ ከማናቸውም እጅ ይልቅ የሠለጠነች ናት፤ ሰፌድ ስትሰፋ ቀለሙን በቍጥር የምታሰልፍ ልጅም የፕሮግራምን ሥርዐት ለመረዳት ሩቅ አይደለችም።

ስለሚነሡት ተቃውሞዎች

አንዳንዱ ሰው፣ «ይህ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው ነው» ይላል። ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሌሊቱን ሁሉ በዚህ ቢጠመድ ነቀፌታው እውነት ይሆናል፤ ልክ ሊበጅለት ይገባል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ስሌት፣ የኤሌክትሪክ ትምህርት፣ የእንጨት ሥራና የዜማ ዕውቀት በአንድነት ይገኛሉ። ከሁሉ በላይ ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ልጅ ያደርጋል፤ አንዲት ሽቦ ያላግባብ ከገባች ሣጥኑ ዝም ይላል፣ በልመናም በቍጣም አይታለልም።

ሌላው፣ «አዝማሪው እንጀራውን ያጣል» ይላል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በሠርጉ ቤት ማሲንቆውን ኪቦርድ ሲተካው አይተናል። ነገር ግን አዝማሪውን የሚያስከብረው ጣቱ ብቻ ሳይሆን ቃሉ ነው። የታዳሚውን ፊት አይቶ፣ የዕለቱን ነገር ሰምቶ፣ ሰምና ወርቅ አድርጎ የሚመልሰውን ሣጥን ማንም አልሠራም። ይልቁንም ሣጥኑን የሚሠራው ወጣት ቅኝቱን ለማግኘት ወደ አዝማሪው መሄድ ግድ ስለሚሆንበት፣ ለሙያው ዋጋ ቢከፍለው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቤተ ክህነት ወገን የሚመጣ ነው። የደብረ ታቦር ተክሌ አቋቋም፣ የቤተልሔም ድጓ፣ የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት በአገራችን ሳሉ፣ ይህ ሣጥን ወደ ቅኔ ማኅሌት ይግባ የምንል እንዳይመስል። ያ ሥርዐት በአፍ፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የቆመ ነው፤ እንዲያውም እንዲኖር የሚገባው እንደ ቆመ ነው። ሣጥኑ የቤት ጨዋታና የትምህርት መሣሪያ ነው፤ ቦታውን ካወቀ አይነቀፍም።

የጋፋት ትምህርት

በመጨረሻ የሚነሣው ነገር ከሁሉ የከበደ ነው፤ እርሱም በእጅ ሥራ ላይ ያለው የቆየ ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸማ የሚሠራውን መስደብ በአገራችን ልማድ ሆኖ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ግን ልጁ ብረት ማቅለጫ ሲይዝ የሚያፍር አባት አይጠፋም።

እንዲህ ያለው አባት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን ያስብ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለስብከት የመጡትን የአውሮፓ ባለ እጆች በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ሰዎቹ መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበር፤ መጀመሪያ የሞከሩትም ከሸፈ። እየደጋገሙ ግን፣ ከአገሩ ሰዎች ጋራ እየደከሙ፣ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። መድፉ ገደል ለገደል ተጐትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። በዚያው ዓመት ንጉሡ አረፉ፤ ሥራውም ተቋረጠ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ፤ የጋፋት ጥበብ ግን ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ቀረ። የጐደለው ብረት ወይም ድፍረት አልነበረም፤ በየቤቱ የሚቀጥለው ተማሪ ነበር።

ጥበብ በንጉሥ ትእዛዝ ብቻ ከተጀመረ ንጉሡ ሲያልፍ ያልፋል። በቤት ከተተከለ ግን ይበዛል። ስለዚህ ልጁ ወይም ልጅቱ ሽቦና ቁልፍ ይዘው ሲቀመጡ ያየ ወላጅ፣ ከመቈጣቱ በፊት አንዲት ጠረጴዛ፣ ደኅና መብራትና የተወሰነ ሰዓት ይስጣቸው። ከዚያም ክራር የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጎ ያገናኛቸው። ሣጥኑ ባያምርም ግድ የለም፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል። ጆሯቸው ግን የአገራቸውን ቅኝት እንዳወቀ ይቀራል፤ የቃኙበትንም ቍጥር በደብተር ጽፈው ለታናናሾቻቸው ያቆዩ።